የቡናው ሰዓት ቢዛወርስ? ስለ ደም ማነስና ስለ ወሎ ጓዳ

ጦሳ ሥር፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች በሙሉ። ስለ ደም ማነስ እዚህ የሚነሳው ጥያቄ ብዙ ነው፤ መልሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ "ጎመን ብዪ፣ ቀይ ስር ጠጪ" ተብሎ ይዘጋል። እኔ ማንሳት የፈለግሁት ከዚያ ቀደም ብሎ ያለውን ጉዳይ ነው። የተበላው ብረት ሰውነት ውስጥ ገባ ወይስ ከቡናው ጋር ተያይዞ ወጣ? ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ይሁን ከሚሴ፣ ምሳ እንደተበላ ገና ትሪው ሳይነሳ ረከቦቱ ይቀርባል። ምሳው 6፡30 ከሆነ አቦሉ 7፡15 ይቀዳል፤ ቶናና በረካው እስከ 8፡00 ይዘልቃል።

ከጉበት፣ ከሥጋና ከዓሣ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ይመጠጣል። ከጤፍ፣ ከማሽላ፣ ከምስርና ከጎመን የሚገኘው ግን አንጀት ውስጥ በትንሽ ነገር ይታሰራል፤ ከሚያስሩት ቀዳሚዎቹ ሻይና ቡና ናቸው። ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረቱን መመጠጥ በ40 በመቶ ገደማ፣ ሻይ ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ እንደሚቀንሰው በሰዎች ላይ ተለክቷል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይኼን ነው፦ ከምግብ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣ ቡና አብሮ ከተጠጣው እኩል ይጎዳል፤ ምግቡ ገና ከሆድ አልራቀማ። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን አይነካውም።

ቡና ተዉ አልልም። ወሎ ላይ ቡና ተዉ ማለት ጎረቤት ተዉ ማለት ነው። ሰዓቱን ማዛወር ግን ይቻላል። ቁርስ 2፡00 ከተበላ ቡናው 4፡30 ይፍላ፣ ምሳው 6፡30 ይቅረብ። የከሰዓቱ ቡና ካልቀረ 9፡00 ላይ ይሁን። ቁርስ በሻይ የለመደ ቤት ሻዩን ወደ ቡናው ሰዓት ያሸጋግረው፤ ከቁርሱ ጋር ውሃ ይበቃል።

በተቃራኒው ብረቱን የሚያግዘው ቪታሚን ሲ ነው። ምስር ወጡ ወይም ሽሮው ከእሳት ከወረደ በኋላ ግማሽ ሎሚ ይጨመቅበት፤ ወይም ከእንጀራው ጋር አንድ ጥሬ ቃሪያ ይገመጥ። ቃሪያ በክብደቱ ልክ ሲታይ ከብርቱካን የበለጠ ቪታሚን ሲ አለው። ሽሮው ውስጥ ተቀቅሎ የለሰለሰው ቃሪያ ግን የሚሰጠው በአብዛኛው ሽታ ነው፤ ብዙውን ቪታሚን እሳቱ ወስዶታል። ቆላ ላይ ዘይቱን በሚበስልበት ወቅት ከምሳ ጋር አንድ ፍሬ መብላት ከሁሉም ይበልጣል።

አዋላጇ፦

ወንድሜ ጦሳ ሥር፣ እጅህ ይባረክ። ነፍሰ ጡሮች ላይ ልጨምር፤ ሰዓቱ ይበልጥ የሚከፋው እነሱ ላይ ነውና።

ጤና ጣቢያ የሚሰጠው እንክብል 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው፤ በቀን አንድ፣ በጥቂቱ 90 ቀን። እንክብሉ በቡና ወይም በሻይ ከተዋጠ ግማሽ ያህሉ ድካም ነው። በወተትም አይዋጥም፤ ካልሲየሙ ከብረቱ ጋር ይሻማል። ጥሩው ሰዓት ማታ ከመኝታ በፊት ነው፤ እራት 1፡30 ተበልቶ እንክብሉ 3፡30 ላይ በውሃ፣ ከተገኘ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ። በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሻት ትንሽ እህል ቀምሳ ትውሰደው። ያመለጣት ቀን ካለ በማግስቱ ሁለት ደርባ አትዋጥ።

እንክብሉን የሚያስጥሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሰገራ መጥቆሩ ነው፤ የማይመጠጠው ብረት ቀለም ስለሆነ አያስደነግጥም። ሁለተኛው የሆድ ድርቀት ነው፤ ውሃ መጨመር፣ ፓፓያና ያልተነፋ ዱቄት እንጀራ ይረዳል። ሦስተኛው "ልጁ ይገዝፍና ምጡ ይከብዳል" የሚለው ወሬ ነው። እንክብሉ የእናትየውን ደም ይሞላል፤ በወሊድ ጊዜ የሚፈሰውን ደም እንድትቋቋም ያደርጋታል። ልጅ አያገዝፍም።

እንደዚሁ ወተትና እርጎ "የልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል" እየተባለ የሚከለከልበት ቤት ብዙ ነው። ሕፃን ሲወለድ ገላው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ቆዳውን ማኅፀን ውስጥ የሚጠብቅለት የራሱ ቅባት ነው፤ ወተት ጠጣች አልጠጣች ይኖራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንክብሉን ሕፃን ከማይደርስበት አስቀምጡት። ከረሜላ መስሎት ብዙ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ሰላም ከኩታበር፦

ቀይ ስርስ? እኛ ሰፈር ደም ያነሳት ሁሉ ቀይ ስር ነው የምትፈጨው። ቀለሙ ያው ደም ነው።

ጦሳ ሥር፦

እህቴ ሰላም፣ ቀለሙ ነው ያሳሳተን። 100 ግራም ቀይ ስር ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊ ግራም አይሞላም። 100 ግራም የበሰለ ምስር ግን ከ3 ሚሊ ግራም በላይ አለው። ቀይ ስር ፎሌት (የፎሊክ አሲድ ወገን የሆነው ቪታሚን) ስላለው መጥፎ ምግብ አይደለም፤ ለደም ተብሎ የምስሩን ገንዘብ መውሰድ ግን የለበትም።

ጤፍም ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። "ቀይ ጤፍ እየበላን ደም አያንሰንም" ይባላል። ጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው አውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ እሱ ለሰውነት እምብዛም አይጠቅምም። ጤፉን የሚያግዘው እርሾው ነው። ሊጡ በደንብ ሲቦካ እህሉ ውስጥ ብረት የሚያስረው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ከሚጋገር ቶሎ እንጀራ ይልቅ ሁለት ሦስት ቀን የቦካው ይሻላል። ደጋ ላይ፣ ደሴና ኩታበር ብርዱ ሊጡን ስለሚያዘገየው አንድ ቀን ይጨመርበት፤ ቆቦና ከሚሴ ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ይመራል።

አዋላጇ፦

ስለ ደጋ ካነሳን የደም ምርመራ ወረቀት ሲነበብ ከፍታው ይታሰብ። ነፍሰ ጡር ሴት ሄሞግሎቢኗ (ደሟ ውስጥ ብረት የያዘው ቀይ ነገር) በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ11 ግራም በታች ከሆነ፣ ያላረገዘች ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ይህ ግን ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የነዋሪዋ ደም ከፍ ብሎ ነው የሚለካው፤ ከውጤቱ ከ1 ግራም በላይ ተቀንሶ መነበብ አለበት። ደሴ ላይ 12.3 የተባለች ያላረገዘች ሴት "ደህና ነሽ" ተብላ ልትመለስ ትችላለች፤ ተስተካክሎ ሲታይ ግን ከ12 በታች ናት። ባለሙያውን "ከፍታው ታስቧል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቆላ ላይ ደግሞ ምግብ ብቻ አይደለም የሚያሳንሰው። ወባና ደም የሚመጥ የአንጀት ትል አሉ። በባዶ እግር እርሻ የምትውል ሴት ጎመን ብትበላም ትሉ ይቀድማታል። ጫማ፣ የሰገራ ምርመራ፣ የትል መድኃኒት። ነፍሰ ጡር ከሆነች የትል መድኃኒቱ ከሦስት ወር በኋላ፣ ከጤና ባለሙያ እጅ።

ግሸን መንገድ፦

ጾም ላይ ያላችሁን ሐሳብ እየጠበቅሁ ነበር፤ ስላልተነሳ እኔው ልበል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከበዓለ ሃምሳ በስተቀር ዓመቱን ሙሉ። የጾም ምግብ ድሃ አይደለም፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ስልጆ አለበት። ክፍተቱ ሌላ ቦታ ነው። ከእንስሳት ብቻ የሚገኘው ቢ12 የሚባለው ቪታሚን የለም፤ ካልሲየምም ይሳሳል። ለካልሲየም ሰሊጥ፣ ጎመንና ጤፍ ይደጋገሙ። ለቢ12 የጾም ምግብ መላ የለውም፤ በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት ለገበያ ብቻ እንዳይወጡ ማድረግ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሙ ሲፈታ ብዙ ቤት ቡናው ከእህሉ ጋር አብሮ ነው የሚቀርበው። ቀኑን ሙሉ ተጹሞ የመጀመሪያው ምግብ ብረቱ በቡና ሲታሰር ኪሳራው እጥፍ ነው። እህሉ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡናው አሥራ አንድ ሰዓት ይሁን።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር። ቤተ ክርስቲያን ለደከመ ሰው የምታዝን ናት፤ ብዙ እናቶች ሳይጠይቁ በራሳቸው ይጨክናሉ እንጂ ጠይቀው የሚከለከሉ ጥቂት ናቸው።

ባቲ ሰኞ፦

አሰላሙ አለይኩም። ግሸን መንገድ እህቴ ያለችው ለረመዳንም ይሠራል። ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት እንድታፈጥር ሸሪዓው ፈቅዶላታል፤ አብሽሪ ማለት ያስፈልጋል። ለምትጾመው፦ አፍጥር ላይ ሦስት ተምርና ውሃ፣ ቀጥሎ የገብስ ወይም የምስር ሾርባ፣ ከዚያ እራት። ሳምቡሳው አንድ ይበቃል፤ ዘይት የጠጣ ሊጥ ሆድ ይሞላና ለእራቱ ቦታ ያጣል። ቡናው ከተራዊሕ (ከረመዳን የማታ ሰላት) በኋላ ነው። ስለዚህ የብረት እንክብሉ ሱሑር ላይ (ጎህ ሳይቀድ በሚበላው ምግብ ሰዓት) ይዋጥ፤ ቡናና ሻይ የሌለበት ሰዓት ያ ብቻ ነው። ሱሑር ላይ ገንፎ ወይም ቂንጬ ከእንቁላል ጋር ቆይቶ ይፈጫል፤ ጨው የበዛበት ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ያስጠማል።

ስለ ጫትም በግልጽ መነጋገር ይገባናል። ሐድራው፣ ጫት እየተቃመ ዱዓ የሚደረግበት ጉባኤ፣ የወሎ ክብር ነው፤ ነገር ግን ጫት ምግብ ያስጠላል፣ አነቃቂው ነገርም በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ይደርሳል። ያረገዘችና የምታጠባ ሴት ዱዓው ላይ ትቀመጥ፣ ጫቱ ግን ይለፋት።

የቃሉ ማሾ፦

ስለ ጥራጥሬ ስታወሩ ማሾን ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ። ቃሉና ጨፋ ቆላ ላይ ይመረታል፣ ከዚያ በኩንታል ተጭኖ ይሄዳል፤ አምራቹ ቤት ድስት ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው። 100 ግራም ደረቅ ማሾ 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልገው ፎሌትም ሞልቶታል። ከባቄላ በላይ የሚወደድበት ደግሞ ቶሎ መብሰሉና ሆድ አለመንፋቱ ነው።

አበቃቀሉ እንዲህ ነው። አንድ ኩባያ ማሾ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ በሦስት ኩባያ ውሃ ማታ ይዘፈዘፋል። ጠዋት ውሃው ይደፋል፤ የተንሳፈፈው ፍሬ ይጣላል። ከዚያ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ ሰፌድ ላይ ይቀመጣል። ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፤ ሳይለቀለቅ ከዋለ ያሙለጨልጫል፣ ይሸታል። 24 ሰዓት ሲሞላው ነጭ ጅራት ያወጣል። ጅራቱ የጤፍ እንጀራ ውፍረት ያህል ሲረዝም ይቁም፤ ከዚያ ካለፈ ጣፋጭነቱ ይጠፋል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይቀቀላል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለብቻው በትንሽ ዘይት ተቁላልቶ ይጨመርበታል፤ ጨውና ሎሚ መጨረሻ ላይ። የበቀለ ጥራጥሬ በጥሬው ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይሰጥም፤ እርጥበቱ ለእህሉ እንደተመቸው ሁሉ ለጀርምም ተመችቶታል።

የቆቦ ሜዳ፦

ማሾው ለእኛ ለማሽላ በላተኞች በትክክል የሚያስፈልገን ነው። ማሽላ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ይጎድለዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ እሱ ሞልቶታል። የማሽላ እንጀራ በጎመን ብቻ የሚበላ ልጅ ሆዱ ይሞላል፣ ቁመቱ አይጨምርም። በሽሮ ወይም በማሾ ሲሆን ሁለቱ ይሟላሉ።

የወሎ ማሽላ ግን እዚህ ላይ የሚያኮራ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዘሮችን መርምረው ላይሲናቸው ከተራው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ የሆነ ሁለት ዘሮች እንዳገኙ አሳውቀዋል፤ ሁለቱም የተገኙት ከወሎ ነው። አባቶቻችን "ወተት በጉንጬ"ና "ማር ጭቄ" ይሏቸው ከነበሩት ጣፋጭ እሸቶች ወገን ናቸው። ፍሬያቸው የተጨማደደ፣ ምርታቸው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ማሽላ መሐል ጥቂት ይዘራና እሸቱ ተጠብሶ ለልጆች ይሰጥ ነበር። ዘሩ ያለው ሰው ምርቱ ትንሽ ነው ብሎ አይጣለው፤ ከማሳው ጥግ አንድ ሁለት መደብ ያኑርለት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ የጉድጓድ ማሽላ። ጉድጓዱ በሚከፈትበት ጊዜ መሐሉ ላይ ያለው ፍሬ ነጭና ደረቅ ነው፤ ግድግዳውን ተጠግቶ ያለው ግን ጠቁሮ፣ ተያይዞ፣ እንደ ቋጥኝ ይወጣል። ያንን ሰባብሮ፣ አጥቦ፣ አስጥቶ ከደህናው ጋር መፍጨት የተለመደ ነው። ጥፋቱ ያ ነው። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በመታጠብ አይለቅም፣ በመቆላት አይቃጠልም፣ ምጣድ ላይም አይጠፋም። ጉበት ይጎዳል፤ ልጅንም ያቀጭጫል። ዱቄት ከሆነ በኋላ ደግሞ ዓይን አይለየውም። የተያያዘው ክፍል ከነ ዙሪያው ይጣል። ለላምና ለዶሮም አይሰጥ፤ ላሟ ከበላችው በወተቷ ይመለሳል።

የሚከላከለው ከመክተቱ በፊት ያለው ነው። ፍሬው ጥርስ ላይ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርቋል፤ ከተላመጠ አልደረቀም። ጉድጓዱ በጭድ ተለስኖ፣ በላዩ ፕላስቲክ ይነጠፍበት። አቅም ያለው አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይጠቀም፤ ነቀዙም ሻጋታውም እዚያ ውስጥ አየር ያጣል። በርበሬም መሬት ላይ ተሰጥቶ ጤዛ ከመታው ያው ነው፤ ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይድረቅ።

እመት ከመርሳ፦

ስምንት ወር ለሞላው ልጅ የሚሆን የገንፎ ልክ ማን ይሰጠኛል? ሙቅ እየጠጣ ነው፤ ይጠግባል፣ ግን ኪሎው አልጨምር አለ።

አዋላጇ፦

እመትዬ፣ መልሱ ሙቁ ውስጥ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ ቀጭን ሙቅ ከሆነ የምትሞላው በውሃ ነው። መለኪያው ማንኪያው ነው። ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ምግቡ ቶሎ ከፈሰሰ ቀጥኗል፤ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ከወደቀ ልክ ነው።

ዱቄቱ፦ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ለምሳሌ ሁለት ኩባያ ገብስ ወይም ማሽላ፣ አንድ ኩባያ ጤፍ፣ አንድ ኩባያ ማሾ ወይም ሽምብራ። ጥራጥሬው ተዘፍዝፎ፣ ደርቆ፣ ለስላሳ ታምሶ ይከካል፤ ገለባው ይነፋል። ገብሱም ይታመሳል፤ ከጠቆረ ግን ይመራል፣ ፕሮቲኑም ይጎዳል። ሁሉም አንድ ላይ ይፈጫል። ኦቾሎኒ ከዱቄቱ ጋር አይፈጭ፤ ዘይቱ በሁለት ሦስት ሳምንት ዱቄቱን ያከረፋል፤ በየቀኑ አንድ ማንኪያ ተወቅጦ ድስቱ ላይ ቢጨመር ይሻላል።

አሠራሩ፦ ግማሽ ኩባያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ ሁለት ኩባያ የፈላ ውሃ ውስጥ እየተማሰለ ይገባና 15 ደቂቃ ይበስላል። ከወረደ በኋላ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ተቀቅሎ የተፈጨ ካሮት ወይም ዱባ፣ አንድ የተቀቀለ እንቁላል። እንቁላሉ በቀን አንድ ይሁን፤ ዶሮዋ ቤት እያለች እንቁላሉ ሁሉ ገበያ መውጣቱ ያሳዝነኛል። ስምንት ወር ላይ በአንድ ጊዜ ግማሽ የ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፤ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ሦስት አራት ጊዜ፤ ዓመት ሲሞላ ኩባያው እየሞላ ይሄዳል። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ አይቋረጥ። ማር ዓመት ሳይሞላው አይላስ። ለብቻው ሳህን ይኑረው፤ ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም።

በሁለቱም እግሩ ላይ እብጠት ካየሽ፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ከሆነ፣ ገንፎ አይጠበቅ፤ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ።

የቃሉ ማሾ፦

ገንፎው በጣም ወፍሮ ልጁ እምቢ ካለ ውሃ ከመጨመር ብቅል ይሻላል። ገንፎው ከእሳት ወርዶ ትኩስ እያለ፣ ጣት ለመንከር የሚያቃጥል ግን የማይፈላ ሲሆን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይገባበትና ይማሰላል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይላላል፤ ስታርቹን ብቅሉ ይፈታዋል። እየፈላ ከገባ ብቅሉ ይሞታል፣ አይሠራም። ከላላ በኋላ እንደገና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፍላ፤ ብቅል ጀርም አያጣም።

የቆቦ ሜዳ፦

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተባለ አደጋ አለው። ብቅሉ የገብስ ይሁን፤ የማሽላ አይሁን። ቡቃያ ማሽላ የበላች ላም ተነፍታና ተንቀጥቅጣ ስትወድቅ ቆላ ያለ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ያው መርዝ፣ ሲያናይድ የሚፈጥረው ነገር፣ በበቀለ ማሽላ ቡቃያና ሥር ውስጥ አለ። ለጠላ የተዘጋጀ ብቅልም ለሕፃን አይሆንም፤ ታፍኖ ስለሚበቅል ብዙ ጊዜ ሻጋታ ይዞታል።

የቃሉ ማሾ፦

ልክ ነህ፣ የገብስ ማለት ነበረብኝ። ቡቃያውና ሥሩም ከደረቀ በኋላ ታሽቶ ይነፋ።

ደላንታ፦

ሽሮ ገዝታችሁ ለምትበሉ፦ ጓያ ይቀላቀልበታል። ጓያ በድርቅ ዓመት ሌላው ሲከዳ የሚቀር እህል ነው፤ ለዚህ ነው ደላንታ ዳውንት ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ብዙ ሰው፣ ይልቁንም ወጣት ወንድ፣ እግሩን ያጣው። "ጓያ ሰበረው" የሚባለው ነው፤ እግሩ ይደርቃል፣ በጣቱ ይራመዳል፣ ከያዘው በኋላ አይመለስም።

አደጋው የሚበልጠው ጓያ ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው፤ ይልቁንም በንፍሮ፣ ተቆልቶና በእሸት። በሽሮ ወጥ መልክ ከእንጀራ ጋር፣ በሽንኩርትና በቅመም ሲሆን ይቀንሳል። ካልቀረ ከጠቅላላው እህል ከሲሶ በታች ይሁን፤ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ይደባለቅ። ፍሬው በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ውሃው ሲደፋ፣ ይህም ሲደጋገም፣ የመርዙ ጥሩ ድርሻ ይወጣል፤ ሁሉም ግን አይወጣም። በእህል እጥረት ወቅት ከጓዳው ያለችውን ትንሽ ገብስ ለመጨረሻ ከማስቀመጥ ከመጀመሪያው ቀን ከጓያው ጋር መቀላቀል ነው የሚያድነው። የምትሸጡ ደግሞ ሽሮው ውስጥ ያለውን ለገዢው ንገሩ።

ሰላም ከኩታበር፦

አመሰግናለሁ ወንድም ደላንታ። ጨው ላይስ? እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ደም ግፊት አለባት፤ አሞሌው ይሻላል የሚሉ አሉ።

ባቲ ሰኞ፦

ከአፋር በግመል የሚመጣው አሞሌ አዮዲን የለውም። እንቅርት ደጋ ላይ የበዛው ከአፈሩ አዮዲን በጎርፍ ስለታጠበ ነው፤ ነፍሰ ጡሯ አዮዲን ካጣች ደግሞ የሕፃኑ አእምሮ ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ ከረጢቱ ላይ "አዮዲን ያለው" የሚለው ይነበብ። አሞሌው ለከብት ይሁን። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በረጅም እሳት ይበናል፤ ስለዚህ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። ጨው ታጥቦ አይገባም፤ አዮዲኑ ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ለእናትሽ የሚጎዳው የጨዉ ዓይነት ሳይሆን ልኩ ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው በቀን 5 ግራም፣ ማለት አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ እንዳያልፍ ነው የሚመከረው። አምስት ትልልቅ ሰዎች ያሉበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው 40 ቀን ሊቆይ ይገባዋል። የገዛሽበትን ቀን ከረጢቱ ላይ ጻፊው፤ በሦስት ሳምንት ካለቀ እጥፍ እየተበላ ነው። ሲቆጠር በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና የተዘጋጀው ሽሮ ውስጥ ያለው ጨው አብሮ ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው ድስቱ ላይ የሚበትነውን ብቻ ነው የሚያስበው። በርበሬው ሲደለዝ ጨው አይግባበት፤ ለእናትሽ የሚሆነው ወጥ ጨው ሳይገባበት በትንሽ ድስት ይቀነስላትና ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ይጨመርበት። መድኃኒቷን ግን ጨው ቀነስኩ ብላ አታቋርጥ።

እመት ከመርሳ፦

አዋላጇ፣ እጅሽ ይባረክ። ዛሬውኑ ማሾውን ዘፍዝፌዋለሁ። ሽምብራ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰዓት ነው የሚዘፈዘፈው?

አዋላጇ፦

12 ሰዓት፣ ውሃው አንዴ እየተቀየረ። ከተዘፈዘፈ በኋላ በመዳፍሽ ስታሺው ልጣጩ ከለቀቀ ደርሷል፤ እየታሸ ልጣጩ ይውጣ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ ይታመስ። እርጥብ ሆኖ ወፍጮ ቤት ከሄደ ዱቄቱ በሳምንት ይሻግታል።